ትል በፖስታ፦ ከሚኒሶታው የትል ባንክ ያዘዝኳቸው ሦስት ዘሮች ከነጣጣቸው

ፓኬጁ እጄ ሲገባ ባዶ ነው የመሰለኝ። አይከብድ፣ ቢነቀንቁት ድምፅ የለው። ከፈት ሳደርገው መዳፍ የማይሞሉ ሦስት የፔትሪ ሳህኖች፣ ጠርዛቸው ዙሪያውን ታሽጎ፣ ውስጣቸው ጄሎ የመሰለ አጋር፣ ላያቸው ላይ ኤን2፣ ኤምቲ2124፣ ሲቢ1417 የሚል ጽሑፍ። ትሎቹስ የታሉ? በባዶ ዓይን አጋሩ ላይ ትንሽ አቧራ የበነነበት ነው የሚመስለው፣ ትልቋ ትል አንድ ሚሊ ሜትር ናት እኮ፣ ከአንድ የጤፍ ፍሬ ጎን ብትጋደም እኩያዋ ናት።

ለማታውቁኝ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የባዮሎጂ ላብ አስተምራለሁ፣ ክፍሌ ውስጥ ሁሌም ሁለት ሦስት የሐበሻ ልጅ አይጠፋም። ሴል ከሴል ጋር እንዴት ይነጋገራል የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ስላይዱ ሙሉ ቀስት ነው፣ ይሄ ያንን ያበራል ያኛው ይሄን ያጠፋል፣ ቀስት በቀስት፣ ልጆቹም ለፈተና ሸምድደው ከፈተና በኋላ ይረሱታል። ባለፈው ዓመት አንዷ ልጅ ክፍል ካለቀ በኋላ መጥታ በአማርኛ "ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ቀስት ግን ማን አየው?" አለችኝ። ጥያቄዋ ቤቴ ድረስ ነው የተከተለኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፣ የማሳይበት ዕቃ ነው ያልነበረኝ። እና ይሄ ሪቪው በሷ ጥያቄ ነው የሚለካው፣ ያመጣሁት ነገር ቀስቱን ያሳያል ወይስ አያሳይም፣ በቃ።

ዕቃው የመጣው ሲጂሲ ከሚባለው ነው፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ፣ በአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም በኤንአይኤች ገንዘብ የሚደገፍ፣ ሲ ኤሌጋንስ የምትባለውን ትል የሚያከፋፍል ማዕከል፣ እኔ የትል ባንክ ነው የምለው። በሺዎች የሚቆጠሩ ዘሮች በፈሳሽ ናይትሮጅን ተቀምጠውበታል፣ ትሎቹ በተለይ ትንንሾቹ ከግሊሰሮል ጋር ቀስ ብለው ከቀዘቀዙ ዓመታት ቆይተው ሲቀልጡ ተነስተው መሄድ ነው፣ ይሄ ብቻውን ለኔ ጉድ ነው። ዌብሳይቱ ላይ የፈለጋችሁትን ጂን ስም ስትጽፉ ዘሮቹ ከነመግለጫቸው ይወጣሉ። ኮዳቸው ደሞ እንደ ድሮው የመኪና ታርጋ ነው፣ አአ ይሁን ኦሮ አይታችሁ ከየት እንደመጣ ታውቁ እንደነበረው ማለት ነው፣ ሲቢ ያለባት ሲድኒ ብሬነር ይሄን ትል መርጦ ሥራ ከጀመረበት ከእንግሊዙ ካምብሪጅ ናት፣ ኤምቲ ያለባት ከኤምአይቲው የሮበርት ሆርቪትዝ ላብ። አገልግሎቱ ለምርምርና ለማስተማሪያ ነው፣ እኔም በኮሌጁ በኩል ነው ያዘዝኩት፣ ምግባቸውን ኦፒ50 የሚባለውን ባክቴሪያም እዛው ጨመርኩ። ዋጋውን አትፍሩት፣ የላቡን ጓንት የምንገዛበት ብር ይበልጣል።

ከማዘዝ በላይ ያስጨነቀኝ ከሚኒሶታ ከወጣ በኋላ ያለው ነገር ነው፣ ስሙን የማልጠራው አድራሽ ፓኬጁን የተሳሳተ ሕንፃ ጥሎት ሄዶ፣ ዓርብ ይደርሳል የተባለው ማክሰኞ ነው አንድ ጽዳት ሠራተኛ አምጥታ የሰጠችኝ (እግዜር ይስጣት)። በቃ ሞተዋል ብዬ ነበር። ማይክሮስኮፕ ስር ሳደርጋቸው ባክቴሪያው ተልሶ አልቋል፣ ትሎቹ ግን ቀጥን ጠቆር ብለው ተኝተዋል፣ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ጠብ ሳደርገው ብን ብለው መሮጥ። ይቺ ትል እጭ እያለች ምግብ ሲያልቅና ሲጨናነቅ ጊዜ ዳወር የሚባል ሙድ ውስጥ ትገባለች፣ አፏን ዘግታ ቆዳዋን አጠንክራ ወራት ትቆያለች፣ ምግብ ስታገኝ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ያው ክረምት እንደሚያሳልፍ ገበሬ። ከአጋሩ አንዲት ቁራጭ በቢላ ቆርጬ አዲስ ሳህን ላይ ገለበጥኳት፣ በሁለተኛው ቀን ሳህኑ ሞልቷል።

እናቴ ደሴ ናት፣ እሁድ ስደውልላት "ምን እየሠራህ ነው?" ስትለኝ ትል በፖስታ አዝዤ እሱን እያበላሁ ነው ስላት "በስም አብ! እኔ ስንት ዓመት ወስፋት ከሆድህ ላስወጣ ስታገል የኖርኩት ሴት፣ አንተ ገንዘብ ከፍለህ ታመጣለህ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ወስፋትም እኮ የነዚህ ዘመድ ነው፣ ሁለቱም ድቡልቡል ትሎች ናቸው (ኮሶ ግን አይደለም፣ ኮሶ ሌላ ወገን ነው)። የኔዎቹ ሰው ሆድ ውስጥ አይኖሩም፣ የበሰበሰ ፍራፍሬ ላይና አፈር አካባቢ ባክቴሪያ እየበሉ ነው የሚኖሩት፣ ብዬ ባስረዳትም አላመነችኝም።

እሺ ወደ ዕቃው። ኤን2 ጤነኛዋ ናት፣ ዘሯ ከእንግሊዝ ብሪስቶል የመጣ፣ ሌላው ሁሉ ከሷ ጋር ነው የሚነጻጸረው። ሰውነቷ እንደ መስታወት ስለሚያሳይ ውስጧን ለማየት መቅደድ የለም። እንቁላል ሰጪዋ ፍናፍንት ናት፣ ራሷን በራሷ አዳቅላ ወደ ሦስት መቶ እንቁላል ትጥላለች፣ 20 ዲግሪ ላይ ከእንቁላል እስከ እናትነት ሦስት ቀን ተኩል ገደማ። የመራቢያ ሴሎቿ ሳይቆጠሩ አዋቂዋ ልክ 959 ሴል ነው ያላት፣ ከነዚህ 302ቱ ነርቭ። እያንዳንዱ ሴል ከማን እንደተወለደ የዘር ሐረጉ ተጽፏል፣ ከተፈለፈለች በኋላ ያለውን ጆን ሰልስተንና ሆርቪትዝ በ1977፣ የፅንሱን ደሞ ሰልስተንና ባልደረቦቹ በ1983። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት ስንቆጥር ይደክመናል፣ እነሱ አንዲት ሴል ሳትቀር። ብሬነር፣ ሰልስተንና ሆርቪትዝ በ2002 ኖቤል ተሸልመዋል።

እኔ ያዘዝኳቸው ግን ለአንድ ብልት ነው፣ እንቁላል የሚወጣበት በር። ክፍል ውስጥ ስሙን ስጠራ ልጆቹ ይሳሳቃሉ፣ ይሳቁ። ይሄ በር የተሠራው ከ22 ሴል ብቻ ነው፣ እና እንዴት እንደሚሠራ በቡና ነው የማስረዳቸው። ትሏ ገና እጭ እያለች ሆዷ ስር ስድስት እጩ ሴሎች ተሰልፈዋል፣ ከፒ3.ፒ እስከ ፒ8.ፒ፣ ስድስቱም ጎረቤታሞች፣ ስድስቱም በሩን መሥራት ይችላሉ። ከላያቸው፣ ማህፀኑ በሚሠራበት ቦታ፣ መልህቅ ሴል የምትባል አንዲት ሴል ተቀምጣለች። እሷ ሊን-3 የሚባል ፕሮቲን ትለቃለች፣ ይሄ እንግዲህ "ቡና ጠጡ!" የሚለው ጥሪ ነው። ከሁሉም የቀረበችው ፒ6.ፒ ስለሆነች ጥሪውን ጥርት አርጋ የምትሰማው እሷ ናት፣ ወዲያው ዋና ትሆናለች፣ ተከፋፍላ ስምንት ሴል ትወልዳለች። ዝም ብላ ደሞ አትቀመጥም፣ ግራና ቀኝ ላሉት ለፒ5.ፒ እና ለፒ7.ፒ "ዋናው ቦታ ተይዟል፣ እናንተ አጃቢ ሁኑ" የሚል የራሷን መልእክት ትልካለች፣ እነሱ ሊን-12 በሚባለው ተቀባይ ይሰሙትና ሰባት ሰባት ሴል ይወልዳሉ። ስምንትና ሰባትና ሰባት፣ 22። ጥሪው በደንብ ያልደረሳቸው የቀሩት ሦስቱ በሩ ውስጥ አይገቡም፣ ልጆቻቸው ከቆዳው ጋር ተዋህደው ይቀራሉ። (ሌሎች ድምፆችም አሉ፣ እጩዎቹ ጊዜያቸው ሳይደርስ ከቆዳው ጋር እንዳይዋሃዱ የሚይዛቸው ደብልዩኤንቲ የሚባል መልእክት አለ፣ አንደኛ ዓመት ተማሪ ላይ ግን ያን ሁሉ አልጭንም።)

የትል ተመራማሪዋ ጁዲት ኪምብል በ1981 ያደረገችው ነገር ደስ ይለኛል፣ መልህቋን ሴል በሌዘር ስትገድላት በሩ አልተሠራም፣ ሌላውን የጎናድ (የመራቢያ አካሉ) ሴል ሁሉ ገድላ መልህቋን ብቻ ስትተዋት ደሞ በሩ ተሠራ። ጠሪዋ እሷ ናት ማለት ነው፣ ሌላ የለም።

መልህቅ ሴል ራሷ እንዴት ተመረጠች ካላችሁ፣ ይሄኛው ደሞ ሐበሻ በር ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። ሁለት እኩል ሴሎች አሉ፣ ማናቸውም መልህቅ መሆን ይችላሉ፣ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ። አንዷ "አንቺ ግቢ፣ ማህፀን ሁኚ" ትላለች፣ ሌላዋም "ኧረ በፍጹም፣ አንቺ ቅደሚ" ትላለች፣ እንደዛ ሲግደረደሩ በአጋጣሚ የአንዷ ድምፅ ትንሽ ይበረታል፣ የተጫነቻት እየሰማች በመጣች ቁጥር የራሷ ድምፅ ይቀንሳል፣ በመጨረሻ ተረታ የማህፀን ሴል ትሆናለች፣ በልመናዋ የጸናችው ውጭ ቀርታ መልህቅ። እዚህም የሚሠራው ያው ሊን-12 ነው፣ ያንኑ ተቀባይ ለሁለት ሥራ።

ኤን2ን በአራተኛው የእጭነት ደረጃዋ መሃል ላይ ይዛችሁ በትልቁ ማይክሮስኮፕ ካያችኋት በሩ ገና ተከፍቶ ሳያልቅ የፈረንጅ ገና ዛፍ ነው የሚመስለው፣ የትል ሰዎች ራሳቸው የገና ዛፍ ነው የሚሉት። ያንን ያየሁ ቀን ላቡን ዘግቼ መውጣት አቃተኝ፣ ስድስት ሰዓት ማታ ድረስ ቆየሁ። ለኤን2 አምስት ኮከብ፣ ክርክር የለም።

ሲቢ1417 ላይ ጥሪው ራሱ ተዳክሟል። የሚገርመው የሊን-3 ፕሮቲን አልተበላሸም፣ ጉዳቱ ጂኑን መልህቅ ሴል ውስጥ የሚያበራው ማብሪያ ላይ ነው፣ ቡናው ተፈልቶ ሲያበቃ ጠሪ የጠፋበት ቤት በሉት። አብዛኞቹ በር የላቸውም። እንቁላል ግን ይሠራል፣ መውጫ ሲያጣ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ልጆቹ እናታቸውን ከውስጥ ይበሏታል። በ40 እጥፍ ስታዩት ግልጽ ነው፣ ቆዳዋ እንደ ከረጢት ተወጥሮ ውስጡ ቀጫጭን ትሎች ይገላበጣሉ፣ እሷ ራሷ መንቀሳቀስ አቁማለች፣ በማግስቱ ቆዳዋ ብቻ ቀርቶ ልጆቹ አጋሩ ላይ ተበትነዋል። አንድ ተማሪ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ፣ ሌላው ቪዲዮ ያነሳል። ለማስተማር ግን ከዚህ የበለጠ የለም፣ አንድ መልእክት ስለቀረ ብቻ ይሄ ሁሉ። አራት ኮከብ ነው የሰጠኋት፣ አንዳንዶቹ ደህና ሆነው እንቁላል ስለሚጥሉ ቆጠራው ልጆቹን ያምታታል፣ በር የሌላቸውን ለብቻ ለይቶ መልቀም አለባችሁ።

አሁን ወደ ኤምቲ2124፣ የዚህ ሪቪው ባለቤት። ሊን-3 ሲደርስ ሴሉ ላይ ያለው ተቀባይ ሌት-23 ይባላል፣ እሱ ውስጥ ላለው ለሌት-60 ያቀብላል፣ ሌት-60 ለሊን-45፣ ሊን-45 ለሜክ-2፣ ሜክ-2 ለኤምፒኬ-1፣ እንደ ጡብ ቅብብሎሽ እስከ ኒውክለስ ድረስ። ኤምቲ2124 ውስጥ ሌት-60 ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ፣ 13ኛዋ፣ ከግላይሲን ወደ ግሉታሚክ አሲድ ተቀይራለች፣ እና ማብሪያው ስለሚጣበቅ ማጥፋት አቃተው። ውጤቱ፣ ማንም ሳይጠራው ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት። መቆየት የነበረባቸው ፒ3.ፒ፣ ፒ4.ፒ፣ ፒ8.ፒም "እኛም ተጠርተናል" ብለው በር ይሠራሉ። ትሏ ሆድ ላይ ከመሃሉ ትክክለኛ በር ሌላ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ጉብታ ታያላችሁ፣ ከማህፀን ጋር አይገናኙም፣ የውሸት በሮች ናቸው። ይሄን ለማየት ውድ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፣ ተራው በቂ ነው፣ ትሏ በጎኗ ስትጋደም ሆዷ ላይ ኪንታሮት የወጣባት ትመስላለች።

ያቺ የቀስቱ ልጅ ዘንድሮ ረዳቴ ሆናለች። ኤምቲ2124ን አስቀምጬ "ቁጠሪ" አልኳት። ዓይኗን ሳታነሳ "አንድ፣ ሁለት፣ ኧረ ጋሼ ሦስት!" ካለች በኋላ ዝም አለች፣ ከዛ ኤን2ን አምጣልኝ ብላ አስተያይታ "ቀስቱ ተጣብቆ ነዋ" አለች። አላስረዳኋትም፣ ራሷ ነው ያወጣችው። አምስት ኮከብ፣ ስድስት ካለም ስድስት።

ነገርዬው ትል ላይ ብቻ የሚቀር ደሞ አይደለም። ሌት-23 ሰው ላይ ኢጂኤፍአር የምንለው ነው፣ ሌት-60 ደሞ ራስ (Ras) የሚባለው ፕሮቲን ነው፣ ብዙ ካንሰር ውስጥ ተጣብቆ የሚገኘው። ሴቱክሲማብ የሚባለው የአንጀት ካንሰር መድኃኒት ተቀባዩን ኢጂኤፍአርን ነው የሚዘጋው፣ ዕጢው ውስጥ ያለው ራስ ተጣብቆ ከበራ ግን መድኃኒቱ አይሠራም፣ ለዛ ነው ሐኪሞች አስቀድመው ራስን የሚመረምሩት። ከበር ውጭ ያለውን ጠሪ ዝም ብታሰኘው ቤት ውስጥ ያለው ራሱ እየጮኸ ከሆነ ምን ዋጋ አለው። ተማሪዎቼ ይሄን በትል ካዩት በኋላ ነው የገባቸው።

አሁን ወደ ጥፋቴ፣ ከኔ ተማሩ። ሐሳቤ ጥሪ የሌላትን ሲቢ1417ን ከተጣበቀችው ከኤምቲ2124 ጋር አዳቅዬ ሁለቱንም ጉዳት የያዘች ትል ማሳየት ነበር፣ የውስጡ ማብሪያ ከተጣበቀ ጥሪ ቢኖር ባይኖር ጉብታው መውጣት አለበት። ሲመጡልኝ ነው ያስተዋልኩት፣ ሊን-3ም ሌት-60ም አራተኛው ክሮሞዞም ላይ ናቸው። አንድ ክሮሞዞም ላይ ያሉ ሁለት ጉዳቶችን በአንድ ሴሚስተር በተማሪ እጅ ማገናኘት በቃ ዘበት ነው። መግለጫው ላይ ከጂኑ ስም ጎን የሮማን ቁጥር ተጽፏል፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ማዘዝ የነበረብኝ ሌት-23 የተጎዳባትን ነበር፣ እሷ ሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ ናት። ሌላም አለ፣ በር የሌላት ትል እንቁላል ብቻ አይደለም የማታስወጣው፣ ወንዱም በዛው በር ነው የሚገባው፣ ስለዚ እሷን በእናት በኩል ማዳቀል አይቻልም። አንድ ሳምንት ሙሉ ወንዶች ሳህኗ ላይ ለቅቄ ስጠብቅ እንደነበር ለማንም እንዳትናገሩ።

ዕቃ በተመለከተ ትንሽ። ያገለገለ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ኦንላይን ከአንድ ሻጭ ገዝቼ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ በቅሎበት ነው የመጣው፣ ሻጩም ገንዘቤን ይዞ ጠፋ፣ አደራ በአካል ሳታዩ አትግዙ፣ መብራቱን ከታች አብርታችሁ ሌንሱን ወደ መስኮት አዙራችሁ ተመልከቱ። ትል ማንሻውን ግን ራሳችሁ ሥሩት፣ ቀጭን የፕላቲኒየም ሽቦ መስታወት ፒፔት ጫፍ ላይ በእሳት አጣብቆ ጫፉን ጠፍጠፍ ማድረግ ነው፣ በየጊዜው እሳት ላይ ስታቀሉት ይጸዳል። ሳህኑ ላይ ሻጋታ ከመጣ ደሞ መድኃኒቱ በረኪና ነው፣ አዎ የልብስ በረኪና፣ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር። እንቁላል የያዙ እናቶችን ሰብስባችሁ ውስጡ ታስገባላችሁ፣ ትሎቹም ሻጋታውም ይሟሟሉ፣ እንቁላሉ ግን ቅርፊቱ ስለሚከላከልለት ይተርፋል፣ ቶሎ ማጠብ ነው፣ ከዘገያችሁ እሱም ይሄዳል። የመጀመሪያውን ዙር ስልክ ሳወራ አቃጥዬዋለሁ።

ስለዚ ለትል ባንኩ አምስት ከአምስት፣ ለኤን2 አምስት፣ ለኤምቲ2124 አምስት፣ ለሲቢ1417 አራት፣ ለአድራሹ አንድ፣ ለማይክሮስኮፕ ሻጩ ባዶ። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሌት-23ን አዝዣለሁ፣ በዚህኛው ጊዜ የሮማን ቁጥሩን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ አድራሻውንም በስልክ አረጋግጫለሁ። ኤምቲ2124 15 ዲግሪ ላይ ቀስ ብላ እንድታድግ አስቀምጫታለሁ፣ ምግቧ እያለቀ ስለሆነ ቅዳሜ ገብቼ አዲስ ሳህን ላይ ልገለብጣት ነው።